የባዝራዋ ወዝ

«ሲሪል ኮርማዎቹን የሚያፋፋው በመርፌ ነው።»

ኦዲል ይህን እያለ ዳቦ ይቆርሳል፤ ይህን እያለ ቦት ጫማውን ያወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን በተሰለፈበት እንኳ ከፊቱ ለቆመው ሰው ሹክ ብሎ፣ በዚያው አፉ ቁርባኑን ተቀብሏል። በቲልት ከተማ ዙሪያ ይህን ያልሰማ ገበሬ የለም። የሰማውም እንደ ተረከበው አላቀበለም። መጀመሪያ መርፌው አንድ ነበር፤ እያደር ሦስት ሆነ፤ ኋላማ ሲሪል የተከለከለውን መድኃኒት በወተት ማመላለሻ ሸሽጎ ከድንበር ማዶ ያስገባል ተባለ።

ሲሪል የኦዲል ታናሽ ወንድም ነው። የሁለቱን ግቢ የሚለየው ጥጃ የሚዘልለው ቦይ ነው። አባታቸው ሲሞት መሬቱን እኩል ተካፈሉ፤ በረቱን እኩል ተካፈሉ፤ ድንበር ላይ የበቀለችውን የፒር ዛፍ እንኳ በየትኛው ዓመት ማን እንደሚለቅማት ተስማሙ። ሳይካፈሉት የቀረ ነገር ቢኖር ፉክክር ነው። እሱን እያንዳንዳቸው ሙሉውን ወሰዱ።

«አባዬ፣ መርፌውን በዓይንህ አይተኸዋል?» አለችው ጎዴሊቭ አንድ ቀን ጠዋት።

«ማየት ምን ያደርግልኛል? የኮርማዎቹ ዳሌ አይታየኝም?»

«የቄሳችንም ዳሌ እንዲያው ነው። እሳቸውንም ይወጓቸዋል?»

ኦዲል ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ጨው መያዣው መሬት ወርዶ ተከሰከሰ። በዚያ ቤት ክርክር የሚዘጋው እንዲህ ነበር።

ጎዴሊቭ አንድ ልጁ ናት። እናቷ የሞተች ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ በረት ገባች። ከዚያ ወዲህ ያወቀችውን ሁሉ ለራሷ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ ከገበሬ ማኅበር በራሪ ጽሑፍ፣ ጨረታ ላይ ካገኘችው ሽፋኑ የተገነጠለ የከብት ሕክምና መጽሐፍ፣ ሐኪሙ ሲሠራ ከትከሻው በላይ እያጮለቀች። ምላሷን ግን ማንም አላስተማራትም፤ አብሯት ነው የተወለደው።

የዚያ አገር ኮርማ ሥጋ ብቻ ነው። ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የተንጣለለ፣ ዳሌው እንደ ተሰነጠቀ ቋጥኝ ለሁለት የተከፈለ። እናቱ አምጣ አትወልደውም፤ አይወጣላትም። ሐኪሙ በቁሟ ጎኗን ቀድዶ ይጎትተዋል፣ መልሶ ይሰፋታል፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። በዓመቱ ተመልሶ ያንኑ ጎን ይቀድዳል። በቢላ የመጣ ከብት በቢላ እስኪሄድ ድረስ የገበሬው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማብላት።

ኦዲል ደግሞ የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሞራ ሞራን ይወልዳል። ከየድንች ጥብስ መሸጫው ያለፈበትን የመጥበሻ ሞራ ይለቃቅምና በበርሜል አቅልጦ በጭልፋ መኖው ላይ ያፈስሰዋል። ኮርማዎቹ መጀመሪያ ገንዳውን ይልሱ ነበር። ሰንበትበት ሲል እበታቸው እንደ ሾርባ ቀጠነ። ከዚያ ገፈራውን ማሽተት ብቻ ሆነ። ከዚያ ጎድናቸው መታየት ጀመረ፤ ለዚያ ዘር ኮርማ ጎድን መታየት ማለት ውርደት ነው። ከቦዩ ማዶ የሲሪል ኮርማዎች በር እየጠበባቸው ይወጣሉ።

አንድ ቀን ትልቁ ኮርማ ፊቱን ከገንዳው መለሰ። ኦዲል የውኃ ቧንቧ ብረት አንሥቶ አፍንጫውን አለው። ደገመው።

«ብላ! ብላ አንተ የሰይጣን ልጅ!»

ደሙ ገንዳው ላይ ተረጨ። ኮርማው አጓርቶ ግንባሩን ከብረቱ አጥር ጋር ሲያላትመው ጣሪያው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ጎዴሊቭ አጥሩን ዘልላ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ጨጓራውን በሞራ ለቅልቀህበት ብላ ትለዋለህ? ሣሩን የሚያብላሉለት ረቂቅ ነፍሳት ታፍነው ሞቱ! ይኼ በርሜል አይደለም፣ አባዬ፤ የሚያመሰኳ ፍጡር ነው!»

«መጽሐፍሽን ለዶሮዎቹ አንብቢላቸው።»

«መጽሐፉ ይቅር። እበቱን እይ! ከላዩ የሰፈፈው ምንድን ነው? በፊት ለፊት ታፈስሳለህ፣ በኋላ ይወጣል። ከብት እያደለብክ አይደለም፤ ቦይ እያጠብክ ነው።»

በጥፊ አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ ብረቱን ግን አልለቀቀችም። አባትና ልጅ አንድ ብረት ይዘው፣ ኮርማው ደሙን እየላሰ፣ ለረጅም ጊዜ ተፋጠጡ። መጀመሪያ የለቀቀው እሱ ነው።

በማግሥቱ የከብት መኖ የሚያቀናብር ድርጅት ጋ ደወለች። ያዘዘችው ስቡ የተለካለት መኖ ነው፤ ሞራው ጨጓራውን ሳይለቀልቅ አልፎ አንጀት ላይ እንዲፈጭ ሆኖ የተዘጋጀ። በውስጡ ደግሞ አንድ ዱቄት አለ፤ ከመኖው አንጻር ሲታይ ኢምንት፣ ሥራው ግን ብዙ። ጨጓራ ውስጥ መኖውን ወደ ጋዝ ለውጠው የሚያባክኑትን ተሐዋስያን ያደክማል፤ ያው መኖ የበለጠ ሥጋ ይሆናል። የጭነት መኪናው መጥቶ በቱቦ እየነፋ ረጅሙን የብረት ጎተራ ሞላው። ጊዜም አልፈጀ። ኮርማዎቹ ጀርባቸው ሞላ፣ እበታቸው ረጋ፣ ጠጉራቸው አብረቀረቀ።

ኦዲል ዙሪያቸውን ዞረ፣ አንዱን ዳሌው ላይ ጠበጠበው፣ ተፋ።

«የሲሪልን ግን አያህሉም። እሱ መርፌ አለው።»

ያን ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ ተቆጣጣሪዎች የሲሪልን በረት ከበው ከኮርማዎቹ ሽንትና ደም ለምርመራ ወሰዱ። ኦዲል አልጠቆመም። ወሬውን ዘራ እንጂ ያጨደው ሌላ ነው። ሲሪል ግን ይህን ማን ያስረዳዋል? እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጠጥ ቤት ገባ፣ ከወንድሙ ፊት ቆመ፣ ከጠረጴዛው የቢራ ብርጭቆ አንሥቶ ፊቱ ላይ ሰበረው። የኦዲል ጉንጭ ከጆሮ እስከ አገጭ ተከፈተ፤ ጥርሱ በጎን በኩል ታየ።

«አንተም የምትወደው ነገር ሲነካ ታየዋለህ!» ብሎት ወጣ።

ቁስሉን የሰፋው እዚያው ይጠጣ የነበረው የከብት ሐኪም ነው። ክሩም የላም መስፊያ ክር ነበር።

«እኔ የምወደው ነገር ምን አለኝ?» አለ ኦዲል ማታ፣ ባበጠ አፉ። «ፍሎራ ብቻ ናት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባዬ» አለች ጎዴሊቭ።

ፍሎራ ባዝራ ናት። ደረቷ እንደ በር የሰፋ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነጭ ጠጉር የተንዠረገገ፣ የድሮ የእርሻ ፈረስ ዘር። ትራክተር ከመጣ ወዲህ ሥራ የላትም። በዓመት አንድ ቀን፣ የፈረሶች ጠባቂ በሚባለው በቅዱስ ኤሎይ ዕለት፣ ኦዲል ጥቁር ልብሱን ለብሶ ይቀመጥባትና ከአገሩ ፈረሶች ጋር ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ትዞራለች፤ ጸበልም ይረጭባታል። ያን ዕለት ወዟ ያላብረቀረቀ ፈረስ ያቀረበ ሰው፣ ያደፈ ሸሚዝ ለብሶ ከተዳረ ሙሽራ ይቆጠራል። ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ ሁሉም ለፈረሱ ስብ ያበላል፤ የተልባ ፋጉሎ፣ የተልባ ቅባት፣ አንዳንዱም ሞራ።

ኦዲል ተልባውን ሲቀቅል ጎዴሊቭ ሳቀችበት።

«ምን ታንቦጨቡጫለህ? ኮርማዎቹ ጠጉራቸው ላይ ፊትህን ታያለህ፤ ያ ሁሉ ወዝ ከየት መጣ? ከእኔ ጎተራ ስጣት።»

ኦዲል ለልጁ አዋቂነት የሰጠው ብቸኛ ምስክርነት ይህ ነበር፤ ተልባውን ደፋው። ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ የኮርማ መኖ ለባዝራዋ ያቀርብ ጀመር። ጎዴሊቭም ስታልፍ ስታገድም ፋንታዋን ትጨምርላታለች። የባዝራዋ ገላ እንደ ተወለወለ ነሐስ ሆነ። ጎዴሊቭ እያየቻት ደስ ይላት ነበር። ሰው ባይመሰክርላት ጠጉሩ መሰከረላት።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ ጋጣው ውስጥ ሰው አየች። አጎቷ ሲሪል ነው። ባርኔጣውን ብብቱ ውስጥ አድርጎ፣ መዳፉን የባዝራዋ ከንፈር ሥር ዘርግቷል።

«ምን ታበላታለህ?»

ደነገጠ። «አንድ ፍሬ ስኳር። እኔና እሷ የቆየ ትውውቅ አለን። ከእናቷ ሆድ እግሯን ይዤ የጎተትኳት እኔ ነኝ፤ አባትሽ ያኔ ሰክሮ ተኝቶ ነበር።»

«ለመመስገን ነው የመጣኸው?»

«ለመታረቅ ነው። ዛሬ ልገባ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ነገ ቄሱ ባሉበት፣ ሰው ሁሉ እያየ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። እስከዚያ አትንገሪው።»

«ብርጭቆ ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ።»

ሲሪል ሳቀ። «አንቺን የሚያገባ ደንቆሮ መሆን አለበት።»

«ደንቆሮ ይሻለኛል። ወሬ አይሰማ።»

የባዝራዋን አንገት ደባብሶ መዳፉን አየው። «አልቧታል።»

«ሙቀቱ ነው» አለች ጎዴሊቭ።

በማግሥቱ ፍሎራ ባልዲዋን ሳትጨርስ ተወችው። ጭራዋ ተጎንጉኖ፣ ቀይ ሪባን ታስሮላት ስትወጣ ግን ከፀሐዩ ጋር የምትፎካከር መሰለች፤ ሰው እየዞረ አያት። ኦዲል ጠባሳውን ወደ ሰው አዙሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠባት። የመጀመሪያውን ዙር ዞረች። በሁለተኛው የኋላ እግሮቿ እንደ ሰካራም ይጠላለፉ ጀመር። ኦዲል ተረከዙን ጎኗ ላይ አሳረፈ፤ ሰው እያየ ፈረስ አይለግምም። ሦስተኛውን ዙር ስትጀምር፣ ጸበሉን ይረጩ ከነበሩት ቄስ ፊት ለፊት፣ ጉልበቷ ከዳት።

ያ ሁሉ አካል ሲወድቅ መሬቱ ተሰማው። የኦዲል እግር ከሥሯ ተቀረቀረ። ባዝራዋ ሰማይ ሰማይ እየረገጠች ስትንፈራገጥ የበዓሉን ባንዲራ የያዘውን ሰው ቅልጥሙን ሰብራ ጣለችው፤ አጥንቱ በካልሲው ወጣ። ሴቶች ጮኹ። የቀሩት ፈረሶች ደንብረው የመቃብሩን አጥር ጣሱ። ፍሎራ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ከሥሯ ጥቁር ቡና የመሰለ ሽንት ፈሰሰ፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። ኦዲል እግሩን መንጭቆ አውጥቶ ራሷን አቀፈ። በእቅፉ ውስጥ እንደ ሰው አቃስታ ዝም አለች።

ሐኪሙ ተንበርክኮ ደረቷን አዳመጠ።

«ቁርጠት አይደለም» አለ። «የበላችው ነገር ነው። ከፍቼ ልያት።»

«ቢላ የሚያሳርፍባት ሰው መጀመሪያ የራሱ ሆድ ይከፈታል!» ኦዲል ተነሣ። ድምፁ ወዲያው ወረደ፤ የወረደው ከጮኸው ይልቅ ያስፈራ ነበር። «ማን ነው ያበላት?»

ከሰዉ መሃል ሲሪል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ ወንድሙ ይመጣ ነበር። ጎዴሊቭ አየችው። መዳፉን አየችው። ልቧ ቆይ ሳይላት ምላሷ ቀደመ።

«ትናንት ማታ አጎቴ ጋጣ ውስጥ ነበር። ሲያበላት አይቼዋለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ሲሪል ዞረ።

«ስኳር ነው!» አለ ሲሪል። «አንድ ፍሬ ስኳር! ንገሪው እንጂ፣ ልጄ! ምን ልል እንደ መጣሁ ንገሪው!»

አልነገረችውም። በዚያች ቅጽበት እሷም አምናው ነበር፤ መርዝ ነው ብላ፣ መታረቁም ሰበብ ነው ብላ። ኦዲል ተወረወረ። አራት ገበሬዎች አንቀው ያዙት፤ ሌሎቹ ሲሪልን ገፍተው፣ ኮቱ እንደ ተቀደደ በሜዳው በኩል ወደ ቤቱ ሰደዱት።

አባቷን ደግፋ ቤት ስታደርሰው መንገድ ላይ ልቧ ተመለሰላት። ስኳር የሚያህል ነገር ያንን የሚያህል ፍጡር እንዴት ይጥላል?

«አባዬ፣ ስማኝ። አጎቴ የመጣው ሊታረቅህ ነው። ዛሬ ቄሱ ፊት ይቅር በለኝ ሊልህ ነበር። ብሎኛል።»

«ይሁዳስ ስሞ አይደል?»

«አልተረጋገጠም እኮ! ሐኪሙ ይክፈታት—»

«ዓይንሽ አይቷል። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

በረት ገብቶ ያንኑ የቧንቧ ብረት ይዞ ወጣ። እያነከሰ ቦዩን ተሻገረ። ጎዴሊቭ ኮቱን ይዛ ተጎተተች፤ በክርኑ አፍንጫዋን መታት፣ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ስትነሣ እሱ የሲሪል በረት ደርሷል።

ሲሪል በተቀደደው የበዓል ልብሱ ለኮርማዎቹ ገፈራ እየሰጠ ነበር፤ ሰው ቢሞት ባይሞት ከብት ይበላል። ወንድሙን ሲያይ መንሹን አዙሮ ያዘ።

«ኦዲል፣ ተው። በእናታችን አጥንት ይዤሃለሁ።»

ኦዲል ጉልበቱን መታው። ሲሪል እየወደቀ መንሹን ሰነዘረ፤ አንዱ ጣት የኦዲል ጭን ውስጥ እስከ ሥሩ ገባ። ኦዲል አላቃሰተም። ብረቱን ዳግም ሲያወርደው የሲሪል ክንድ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተሰበረ፤ ሚዛኑን ስቶ በአጥሩ ላይ ተገልብጦ ኮርማዎቹ መሃል ወደቀ።

ከብቶቹ የደም ሽታ ደረሳቸው። የዚያ ዘር ኮርማ ክፉ አይደለም፤ ግን ሲደነግጥ ቋጥኝ ነው፣ እነሱም ብዙ ነበሩ፤ ቦታው ጠባብ፣ ወለሉ አንሸራታች። እርስ በርስ እየተጋፉ ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ ተመለሱ። ሲሪል አንድ ጊዜ በደህና እጁ የበሩን ብረት ያዘ። ኦዲል መቀርቀሪያውን ዘግቶ ጀርባውን ሰጠበት።

«ክፈት!» ጎዴሊቭ ደረሰች። «አባዬ፣ ክፈት! ወንድምህ ነው!»

«መርፌውን ይውጋቸዋ! አሁን ይውጋቸዋ!»

ጣቶቹን ከመቀርቀሪያው ልታላቅቅ ታገለች፤ አልሆነም። ነከሰችው። አጥንት እስኪሰማት ነከሰችው፤ አፏ በአባቷ ደም ሞላ፤ እሱ ግን ግድግዳ ሆኖ ቆመ። ከኋላው የሲሪል ድምፅ እየተጨፈለቀ፣ እየተቆራረጠ መጣ፤ በመጨረሻ ኮቴዎች ብቻ ተሰሙ። ኦዲል ያኔ ራሱ ዘወር አለ፣ በሩን ራሱ ከፈተው።

ከከብቶቹ እግር ሥር በአንገትጌው ጎትተው አወጡት። ደረቱ እንደ ተረገጠ ቅርጫት ሆኗል። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፤ ወደ ማን እንደሚያይ ግን አልታወቀም። ኦዲል ተቀመጠ፣ የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አደረገ፣ አፉ ውስጥ የገባውን እበት በመሐረቡ ይጠርግለት ጀመር። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን።

«ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር» አለ። «ሁሌ ይቆሽሻል።»

ፖሊሶቹ ሲመጡ እዚያው ነበር። «ባዝራዬን ገደለብኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልሰጠም። የከብት ሬሳ ሰብሳቢው መኪና በማግሥቱ ጠዋት መጥቶ ፍሎራን በሰንሰለት ጎትቶ ጭኖ ሄዷል። የሞተ ከብት በዚያ አገር አይቀበርም፤ ፋብሪካ ተወስዶ ሞራው ይቀልጣል። ስለ እሷ የሚጠይቅ ሰው በተገኘ ጊዜ ሞራዋ ከሌላው ሞራ ተቀላቅሎ አልቆ ነበር።

ኦዲል ብሩዥ ከተማ እስር ቤት ገባ። በበጋው መጨረሻ ጎዴሊቭ ብቻዋን ታልባለች፣ ብቻዋን ታበላለች። ኮርማዎቹ እንደዚያ አምረው አያውቁም፤ ገዢዎች ከሩቅ እየመጡ ያደንቃሉ፤ እሷ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። መንደሩ ለምላሷ መልስ መፈለግ ትቷል፤ ምላሷ ራሱ መናገር ትቷልና።

ጎተራው ሲጎድል መኪናው መጣ። የዛሬው ሾፌር ሌላ ነው፤ ሸምገል ያለ፣ ወሬ የሚወድ። ቱቦውን እያያያዘ ባዶውን ጋጣ ተመለከተ።

«ፈረስ አለሽ እንዴ፣ እመቤት?»

«የለኝም።»

«ጎሽ። ያ ባለፈው ያመጣላችሁ ልጅ ዝም ብሎ ደፍቶ ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን የፈረስ ጋጣ ካየሁ ሳልናገር አላልፍም።» የመኪናውን ሞተር አስነሣ፤ መኖው በቱቦው ውስጥ ሲንፎለፎል ድምፁን ከፍ አደረገ። «ይኼ ዱቄቱ ለኮርማ ሥጋ ነው፣ ለፈረስ ግን መርዝ ነው! ልቡን ነው የሚበላው። ቆሞ ሲያዩት ያምራል፣ ትንሽ ሲያስኬዱት ይወድቃል። ነፍሱን ይማረውና አጎትሽ ሲሪል ከእኛ መውሰድ የጀመረ ዕለት ይህንኑ ነግሬው፣ በሳምንቱ ፈረሱን ሸጠ።»